ጨርቅ የሌለው ሲባጎ

ከሚሴ ውስጥ የብዙ ሴት ልክ ያለው አንድ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የልብስ ሰፊ በረንዳ ነው። ሚስማሮች ተደርድረውበታል፤ ከየሚስማሩ ላይ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። አንድ ሲባጎ ማለት አንዲት ሴት ማለት ነው። ሰፊው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው አይጠፋም፤ ግን የወንድ ሱሪ ካልሆነ በቀር ሲለኩበት አላየሁም። ሴት ስትመጣ ባለቤታቸው ከመጋረጃው ኋላ ወስደው በሲባጎ ይለካሉ፣ ይቋጥራሉ። ድርቡ ቋጠሮ መነሻ ነው። ከእሱ እስከ መጀመሪያው ነጠላ ቋጠሮ ትከሻ፣ እስከ ሁለተኛው እጅጌ፣ እስከ ሦስተኛው ወገብ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ቁመት ይሆናል። ከሲባጎው ጫፍ ላይ ደግሞ ሴትዮዋ መጀመሪያ ካሰፋችው ልብስ የተቆረጠች ጣት የምታህል ጨርቅ ትታሰራለች። ያቺ ጨርቅ ስሟ ናት። ሰፊው ጨርቋን ዓይተው "ይቺ የእንትና ልጅ ናት" ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም።

አርክቴክቸር ማጥናት የጀመርኩ ዓመት ለክረምት ስመለስ ይህን ሁሉ ላዘምን ተነሳሁ። አዲስ ዕውቀት እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ለሰው ካላሳዩት አያስቀምጥም። ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ በሴንቲ ሜትር መመዝገብ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሰፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት።

"ኢንተኡ፣ ልጄ። ይኼ አይሆንም።"

"ለምን፣ አያ? ሲባጎ እኮ ይበጠሳል። አይጥም ይበላዋል።"

"ይብላው! ደብተር ማንም ገልጦ ያነበዋል። የሰው ሚስት ወገብ በቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል እንዴ? አስተግፊሩላህ! ሲባጎን የሚያነበው የሰፋ ብቻ ነው።"

ስቄባቸው ነበር። ወደምማርበት ኮምቦልቻ ስመለስም ስቱዲዮ ውስጥ ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ እነሱም ሳቁ። ያ ሁሉ ሚስጥር አንድ ቀን ከእኔም እንደሚደበቅ በምን ላውቅ?

በዚያ ግድግዳ ላይ ከነበሩት ሲባጎዎች አንዱ የጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ ስል የአጥር ጎረቤቴ ማለቴ ነው፤ አጥሩ ላይ ያለው ክፍተትም እኛ ስንመላለስ የተከፈተ ነው። አባቴ በየዓመቱ ይደፍነዋል፣ እኛ በየዓመቱ እንከፍተዋለን፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ተወው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እኔን አሳለፈኝ፣ እሷን አስቀራት። እኔ ሕንፃ መሳል ልማር ስሄድ እሷ ከሰፊው ዘንድ ተቀምጣ ስፌት ተማረች። ክረምት ክረምት ደግሞ እሷ የተማረችውን እኔን አስተማረችኝ። የግራ ትከሻዋ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ጀሪካን በዚያው ትከሻ ስለተሸከመች ነው። የተዘጋጀ ልብስ ገዝታ ስትለብስ ሁሌም በግራ በኩል ይንሸራተትባታል፤ ስለዚህ የምትለብሰውን ሁሉ ወይ እሷ ወይ እኔ ፈትተን ሰፍተነዋል።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ሩቅ ስላልሆነ ሰኞ ሰኞ ብዙ ጊዜ ከክፍል እቀራለሁ፤ አስተማሪዎቼ ይህን ባያነቡት ደስ ይለኛል። እሷ ከከሚሴ በጠዋት መኪና ትመጣና መናኸሪያ ተገናኝተን ወደ ባቲ እንወርዳለን። ሌላው ሰው ባቲ የሚሄደው ለግመልና ለፍየል፣ ለእህልና ለቅቤ ነው። እኛ የምንሄደው ለሰልባጅ ነው። ቦንዳው ተፈትቶ ልብሱ ሸራ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ እጁን የከተተ ነው የሚያሸንፈው። እኔ ልብስን የማየው እንደ ሕንፃ ነው፦ ክብደቱ የት ላይ ነው ያረፈው፣ ትከሻው ላይ ነው ወገቡ ላይ? መስመሩ ወዴት ይሄዳል? እሷ ግን ከእጄ ትነጥቀኝና ገልብጣ ውስጡን ታያለች።

"ፊቱንማ ሁሉም ያሳምረዋል" ትላለች። "ውስጡን አሳዪኝ።"

ከአንድ የወፍራም ሰው ሸሚዝ ለእኔ ቀሚስ አውጥታልኛለች፤ ከእጅጌው ኪስ፣ ከኮሌታው መቀነት። የተቀደደ ጂንስ ጃኬት ገበሩን ለውጠን፣ ቁልፉን ከአሮጌ ካፖርት ወስደን፣ እንደገና አስነስተነዋል። እኔ በወረቀት ላይ እስለዋለሁ፣ እሷ በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ ታሰምረዋለች፣ ሁለታችንም እንጨቃጨቃለን፣ ከዚያ መቀሱ ይገባል። ያን የሸሚዝ ቀሚስ ለብሼ የሠራሁትን የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ሳቀርብ አንድ አስተማሪ ሞዴሌን አገላብጦ ዓይቶ "ቤትሽ እንደ ልብስሽ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች "የት ገዛሽው?" ብለው ከበቡኝ። በስልክ ስነግራት እሷም እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ "የኔ ቤት ነዋ የቆመው" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የስፌት መኪናዋን የገዛናት በጋራ ነው። እኔ ሞዴል መሥራት ለሚሰለቻቸው የክፍል ጓደኞቼ ካርቶን እየቆረጥኩና እያጣበቅኩ፣ እሷ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አጠራቅመን። አሮጌ የእግር መኪና ናት፤ ስትሠራ ታንኳኳለች፣ ግን ወፍራም ጨርቅ አትፈራም። እነሱ ቤት ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ከግራ እንዲገባላት አድርጌ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ዕቅዳችን ስመረቅ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ መክፈት ነበር፦ ሰልባጅ ፈትተን፣ ዲዛይን ሰጥተን፣ የእኛ አገር ልጅ ያለ ሐሳብ ገዝታ የምትለብሰው ልብስ እንድንሠራ። የሱቁን ፕላን ሳልኩ። ወርዱ ሁለት፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር። ከዚያ በካርቶን ሞዴሉን ሠራሁላት፤ መደርደሪያው፣ የመለኪያው መጋረጃ፣ የመኪናዋ ቦታ፣ ሁሉም አለው። እሷ ተቀብላኝ ከቡፌው ላይ አስቀመጠችው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛውን ፕላን ይዤላት ስመጣ፣ "አንቺ ስዕል ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እኔ ክር እጨርሳለሁ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ቢሆንስ? የመረረው ሰው "መሮኛል" ይላል እንጂ እንዴት በተረት ይናገራል?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስመለስ መኪናዋ መስኮቱ ሥር አልነበረችም።

"ደሴ ለጥገና ሄዳለች" አለችኝ። "ዕቃ እስኪመጣላት ትቆያለች አሉ። አቦ፣ አትጨነቂ።"

ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። ውሸታም ዓይኑን ይሰብራል ሲሉ የሰማሁት ሁሉ ከንቱ ነው። የእሷ ዓይን አልተሰበረም፤ እንዲያውም ሻይ ቀዳችልኝ።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም፤ እጄ ይበላኛል። ስለዚህ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሁለተኛዋን መኪና ይዤ ቅምቅማት መቀምቀም፣ ዚፕ መቀየር ጀመርኩ። ቦርከና ሞልቶ፣ የጨፋ ሸለቆ በበቆሎና በማሽላ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ እግሩ ጭቃ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰፊው የታጠፈ ጥቁር ክሬፕና አንድ ሲባጎ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"አባያ ነው" አሉኝ። "ሰፋ ይበል። ከውስጥ ሦስት ኪስ ይኑረው፤ አንዱ ብብት ሥር፣ ሁለቱ ታች ከገበሩ ውስጥ። አፋቸው ከውጭ እንዳይታይ።"

እንዲህ ያለ ኪስ ለምን እንደሚሠራ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። በባቲ በኩል ወደ ቆላው ወርዳ፣ በረሃውን አቋርጣ ዓረብ አገር የምትሄድ ሴት ልብስ ነው። ከመንደራችን ብዙዎች ሄደዋል። አንዳንዶቹ ቤት አሠርተው ተመልሰዋል፣ ከአንዳንዶቹ ወሬ የለም።

"የማን ነው፣ አያ?"

"የሰው" አሉ፤ ወደ መኪናቸው ዞሩ።

ሲባጎውን አነሳሁት። ጫፉ ላይ ጨርቅ የለም። ያልነበረው አይደለም፤ ተቆርጧል፣ የተቆረጠበትም ገና አልቆሸሸም። ሲባጎውን በሜትሩ ጎን ዘረጋሁትና ቋጠሮዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ትከሻው ጋ ስደርስ ከቋጠሮው አጠገብ ሌላ ትንሽ ቋጠሮ አለች። እንዲህ ያለች ቋጠሮ የምትቋጠረው ትከሻዋ ለተዘነበለ ሴት ነው። ጣቴን አስገባሁበት፦ ሁለት ጣት። ቁመቱንም አየሁት። እጄ ቆመ።

ከዚያ ለራሴ መልስ ፈለግኩለት። የግራ ትከሻዋ የተዘነበለ ሴት በከሚሴ አንድ ብቻ ናት? ጀሪካን የተሸከመ ትከሻ ሁሉ ይዘነበላል። በዚህ ቁመትስ ስንቷ አለች? ጠዋት እኮ አብረን ቁርስ በልተናል! ሥራዬ መለካት ነው፤ ልክ እንደማይዋሽ፣ የሚዋሸው ሰው እንደሆነ እየተማርኩ ነው። ያን ቀን ግን ሰውን አምኜ ልኩን ካድኩት። በሕይወቴ ከተሳሳትኩት ሁሉ በዚህ የምናደደውን ያህል በሌላው አልናደድም።

አባያውን በልኩ ቀደድኩት፤ በግራ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ። ከሰዓት በኋላ እሷ መጣች፤ አጠገቤ ከተቀመጠው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ስሰፋ አየችኝ። ከብብት ሥር ያለውን ኪስ ስጨርስ እጇን ውስጡ ከትታ በኃይል ሳበችው።

"ይጠብቃል?" አለችኝ።

"ግመል ይሳበው፤ አይለቅም።"

"ማሻአላህ እጅሽ።" እጇን ከኪሱ አወጣችና "ማል ጄታ፣ ምን ትያለሽ ለዚች ለምትለብሰው? አትመርቂያትም?" አለችኝ።

"ምን ብዬ? አላህ ልብ ይስጣት ነው የምላት" አልኳት። "አገሯ ላይ ሠርታ መብላት ሲያቅታት አይደል በረሃ የምትገባው? ሰነፍ ናት።"

የእጅ መርፌዬ ክር አልቆበት ነበር፤ ከእጄ ወስዳ ክሩን በምራቋ አርጥባ አስገባችልኝና መለሰችልኝ። ሰፊው በዚያ በኩል አንገታቸውን ደፍተው የሰው ሱሪ ይተኩሱ ነበር፤ ካውያው ከአንድ ቦታ ላይ ብዙ ስለቆየ ጨርቁ ሸተተ።

ቅዳሜ ዕለት "የፊታችን ሰኞ ባቲ አልችልም፣ እናቴን አሟታል" አለችኝ። እኔም እሷ ከሌለች ብዬ ቀረሁ። ሰኞ ረፋድ ላይ በቆሎ ቀቅዬ ለታመሙት እናቷ ይዤ በአጥሩ ክፍተት ሾለክሁ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"አካም ቡልተን፣ እማ? አልተሻለዎትም?"

"ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። ምን ሆኜ?" አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉት።

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉና "ሄደች፣ ልጄ" አሉኝ። "ሱብሒ ሰግዳ ወጣች።" በአገጫቸው ወደ ቆላው፣ ወደ ታች አመለከቱ።

"መኪናዋስ?" አልኩ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይህ መሆኑ እስካሁን ያሳፍረኛል። "ደሴ አይደለችም?"

"ደሴ ምን ትሠራለች? ለመንገዱ ተሸጠች እንጂ። አልነገረችሽም?"

ወደ ውስጥ ገባሁ። መስኮቱ ሥር የመኪናዋ እግሮች የቆሙባቸው አራት ምልክቶች ወለሉ ላይ አሉ። ከቡፌው ላይ የካርቶን ሱቃችን እንዳለ ነው፤ ጣራው ተነስቶ ውስጡ ነጭ ሽንኩርት ተቀምጦበታል። እናቷ ከኋላዬ መጥተው ሽንኩርቱን ቶሎ ቶሎ ማውጣት ጀመሩ፤ "ይቅርታ ልጄ፣ ደረቅ ቦታ ስለሆነ ነው" እያሉ። ከሁሉም ያስለቀሰኝ ያ ነው።

"ለእኔ እንዴት ሳትነግረኝ?" አልኳቸው።

"ፈርታሽ ነዋ። 'እሷ ካወቀች እግሬ አይነሳም' አለች። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችው።"

ይህ ያጽናናኛል ብለው ነው። አላጽናናኝም። ለእግሯ ያሰበችውን ያህል ለእኔ አላሰበችም። ሰነፍ ያልኳት ነገር ያን ጊዜ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ፤ ግን ሐፍረቱ ንዴቱን አላበረደውም፣ ጨመረበት እንጂ። ሳታስጠነቅቀኝ ክፉ ሰው አድርጋኛለችና!

በአጥሩ አልተመለስኩም። በዋናው በር ወጥቼ በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድኩ። በመንገዱ ያገኘኋቸው ሁሉ ሰላምታቸው ረዘመብኝ። ባለ ሱቋ "አይዞሽ" አለችኝ፤ ምን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ገባኝ፦ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በየቤቱ ዱዓ ተደርጎላታል፣ ስንቅ ተቋጥሮላታል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልብሱን የሰፋሁት።

ሰፊው ሲያዩኝ መኪናቸውን አቆሙ።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ።"

"አልቀመጥም። የማን ነው ስል የሰው አላሉኝም?"

መልስ ሳይሰጡ የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸውን ከፈቱና ከሥሩ አንዲት ጨርቅ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ። ቢጫ መደብ ላይ ትንንሽ ቅጠል። መጀመሪያ ባቲ አብረን የሄድን ቀን ከክምሩ ውስጥ ያወጣሁላት ቀሚስ ናት። እኔ ነኝ የመረጥኩላት።

"እርስዎም፣ አያ?"

"አማና ነው፣ ልጄ፣ አደራ። አማና ተሰጥቶኝ እንዴት ልብላው?"

"የእኔስ? እኔ የእርስዎ ልጅ አይደለሁም? እሺ ይሁን፣ ሚስጥሯን ይጠብቁ። ግን ልብሱን ለምን ለእኔ ሰጡኝ? እርስዎ መስፋት ያቅትዎታል?"

ጨርቋን በጣታቸው አሻሹ። "እኔማ ልሰፋው ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። 'ኪሱን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው፤ የእሷ ስፌት አይለቅም' ብላ አስማለችኝ።"

እጄን አምናዋለች ማለት ነው። በረሃ ውስጥ ነፍሷን ለስፌቴ ሰጥታለች፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልሰጠችም። ቢያንስ ሌላ ሰው ቢሰፋው ኖሮ የተታለልኩ ሰው ብቻ እሆን ነበር። እሷ ግን በገዛ እጄ እንድሸኛት አደረገችኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ክር እያስገባችልኝ።

ሲባጎዋ ሚስማሩ ላይ ነበር። አወረድኩት። የሰው ሲባጎ እንዲሁ አይፈታም፤ እሳቸው ዘንድ የሚፈታው ሴትዮዋ ስትሞት ነው። ቀብር በዋለ በማግስቱ ሰፊው ራሳቸው "ረሒመሃላህ" እያሉ ፈትተው ከጥቅሉ ይቀላቅሉታል። ይህን አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። መርፌ አንስቼ የቁመቱን ቋጠሮ ወጋሁት።

"አዑዙ ቢላህ!" ብለው እጄን ያዙኝ። "ተይ! በመንገድ ላይ ያለች ልጅ ናት። ተይ፣ ማሎ!"

አልተውኩም። ዳሌውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን አንድ በአንድ ፈታሁት። ትከሻው ላይ ያለችው ትንሿ ቋጠሮ ጠብቃ ስላስቸገረችኝ በጥርሴ ነው የፈታኋት። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ዱዓ ያደርጉ ነበር። የተፈታውን ሲባጎ ጭናቸው ላይ ጥዬ ሄድኩ፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻም ወደ በረንዳው አልተመለስኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ማውራት አልፈልግም። ከእናቷ ጋር በአጥሩ ማዶ ሰላም እንባባላለን፤ እሳቸው "ወሬ የለም" ይላሉ፣ እኔ "አይዞዎት" እላለሁ። ኮምቦልቻ ተመልሼ ስዕል ላይ ተደፋሁ። በልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ የፈታሁት ቋጠሮ ደርሶባት ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሌላው ቀርቶ ስልኬ ሲጮኽ እደነግጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ካርቶን እየቆረጥኩ ሳለ በማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለ። አነሳሁት።

"አሰላሙ አለይኪ" አለች። ድምጿን እንደሰማሁ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። "ደርሻለሁ። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሥራም ገብቻለሁ።"

"እሺ" አልኩ።

"ኪስሽ አልለቀቀም። መንገድ ላይ ፈተሹን፤ ያለንን ሁሉ ወሰዱብን፣ የታቹን ሁለቱንም አገኙት። የብብቱን ግን አላገኙትም። በእሱ ነው የደረስኩት። ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሻለሁ።"

"ተቀይመሽኛል?"

አዎ፣ በጣም ተቀይሜሻለሁ፣ ከድተሽኛል፣ ልላት ብዙ ወር የተዘጋጀሁበት ነገር ነበር። በዚያች ሰዓት ግን በሕይወት መኖሯ ብቻ በቃኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬን ይቅርታ አደረገችው መሰለኝ፣ ድምጿ ቀለለ። እንደ ድሮዋ ሆነች።

"ስሚ፣ ለዒድ አንድ ቀሚስ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ሁሉ በግራ ትከሻዬ በኩል ይንሸራተትብኛል፤ ሴቶቹ ይስቁብኛል። ከአገር የምትመጣ ልጅ አለች፤ በእሷ ላኪው። ልኬ አያ ዘንድ አለ አይደል?"

"የለም" አልኳት። "ተፈቷል።"

ሲባጎ መቼ እንደሚፈታ እሷም ታውቃለች። እዚያው በረንዳ ላይ ነው ስፌት የተማረችው።

"ማን ፈታው?" አለች።

"እኔ።"

ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ድምጿ ወደ ታች ወረደ። "እሺ... አንቺስ አታስታውሺውም? ልኬን?"

"አላስታውሰውም" አልኳት።

ስልኩን ማን እንደዘጋው አላውቅም።

በቀጣዩ ሰኞ ከክፍል ቀርቼ ብቻዬን ባቲ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አልነገርኩትም። ቦንዳ ተፈትቶ ልብሱ ሸራው ላይ ፈሰሰ፤ እጄን ከተትኩ። ያወጣሁት አረንጓዴ ቀሚስ ነበር፤ ጥሩ ጨርቅ፣ መስመሩ ከትከሻ ወደ ታች ያለ ምንም ዕንቅፋት የሚወርድ። እንደ እሷ ገልብጬ ውስጡን አየሁት፤ ስፌቱም ጥሩ ነው። ሜትር አልያዝኩም፣ አላስፈለገኝምም። ወገቡ የእሷ ነው፣ እጅጌውም የእሷ ነው፣ ቁመቱም የእሷ ነው። የግራ ትከሻው ብቻ ተፈትቶ በሁለት ጣት ዝቅ ቢል ያበቃል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

"ልጠቅልልሽ፣ እህቴ?" አለኝ ሻጩ።

ቀሚሱን ደረቴ ላይ አስደገፍኩት።

"አይሆናትም" ብዬ ወደ ክምሩ መለስኩት።